ጥቂት፥ ነገር ግን የበሰለ፤ ፍጽምናን መሻት መቼ ይጠቅማል? መቼስ ይጎዳል?



ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ለመጽሔቱ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በታዘዝሁ ጊዜ፥ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ጦር ሜዳ ወይም ስለ ነገሥታት ለመጻፍ ነበር። ዳሩ ግን ባለፈው ዓመት በክፍላችን የሆነው ነገር ከልቤ ስላልጠፋ አሳቤን ለወጥሁ። በሒሳብ ከሁላችንም የሚበልጥ አንድ ጓደኛ ነበረን። እኛ ያልገባንን የሚያስረዳን እሱ ነበር። ነገር ግን የራሱን የቤት ሥራ አያስረክብም፤ ጽፎ ይቀደዋል፥ እንደገና ጽፎ እንደገና ይቀደዋል። አስተማሪያችን ደብተሩን በጠየቁት ቍጥር መልሱ «ገና አላለቀም» የሚል ብቻ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ማርኩ ከእኛ ከመካከለኞቹ በታች ሆኖ ተገኘ። ብዙዎች ሰነፍ ነው አሉት። እኔ ግን አጠገቡ ስለምቀመጥ እንዳልሰነፈ ዐውቃለሁ፤ ከሁላችንም አብልጦ የሚደክመው እሱ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ሥራን ፍጹም አድርጎ ለመሥራት መፈለግ መልካም ጠባይ ሆኖ ሳለ፥ ስለ ምን አንዱን ተማሪ ወደ ላይ ያወጣዋል፥ ሌላውንስ ስለ ምን ያስረዋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት የሦስት ታላላቅ የሒሳብና የከዋክብት ሊቃውንትን ታሪክ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ዮሐንስ ኬፕለር ነው። ይህ ጀርመናዊ በ1571 ተወልዶ፥ በ1600 ወደ ፕራግ አካባቢ ሄደና ከታላቁ የከዋክብት ተመልካች ከቲኮ ብራሄ ጋር መሥራት ጀመረ። ያን ጊዜ የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ገና ለሰማይ ምርምር አልዋለም ነበር፤ ቢሆንም ቲኮ በዓይኑና በትልልቅ መለኪያዎች ብቻ እየተመለከተ ለብዙ ዓመታት የመዘገበው ቍጥር በዘመኑ ወደር አልነበረውም። ቲኮ በ1601 በሞተ ጊዜ ይህ መዝገብ በኬፕለር እጅ ቀረ።

የኬፕለር ሥራ ማርስ የተባለችው ፕላኔት የምትሄድበትን መንገድ ማግኘት ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩት ሊቃውንት ክብ ፍጹም ቅርጽ ነውና ፕላኔቶችም የሚዞሩት በክብ መንገድ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ኬፕለርም በዚሁ እምነት ጀምሮ አድካሚውን ሒሳብ ቢያንስ 70 ጊዜ ደጋግሞ እንደ ሠራው ራሱ ጽፏል። በመጨረሻ ያገኘው መንገድ ከቲኮ መዝገብ ጋር ሊስማማ ምንም አልቀረውም፤ ልዩነቱ 8 ደቂቃ ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ደቂቃ ማለት የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል ነው፤ 8 ደቂቃም ሙሉ ጨረቃ በሰማይ ላይ ይዛ ከምትታየው ስፋት ሩቡን ያህላል። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «ይህስ ይበቃል» ብሎ ብዕሩን ባስቀመጠ ነበር። ኬፕለር ግን ቲኮ ይህን ያህል አይሳሳትም ብሎ የደከመበትን ሁሉ ጣለና እንደገና ጀመረ። በመጨረሻም የማርስ መንገድ ክብ ሳይሆን ሞላላ መሆኑን ደረሰበት። የከዋክብት ምርምር መልኩን የለወጠው በነዚያ 8 ደቂቃዎች ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

አንባቢ ሆይ፥ ኬፕለር ለትንሽ ስሕተት ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው ከሆነ፥ ፍጽምናን ከሚሹት ወገን መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ሥራውን በ1609 ባሳተመ ጊዜ ያደረገውን ልብ ማለት ይገባል። የተሳሳተባቸውን መንገዶች ከመጽሐፉ አላወጣም፤ የቱን እንደ ሞከረ፥ የት ላይ እንደ ወደቀ፥ እንዴትስ እንደ ተነሣ አንድ በአንድ ተረከው። ስሕተቱ በሥራው ላይ የደረሰ ነገር እንጂ በእሱ ላይ የተፈረደ ፍርድ ሆኖ አልታየውም።

ሁለተኛው ካርል ፍሪድሪኽ ጋውስ ነው። ጋውስ በ1777 በብራውንሽዋይግ ከተማ ከድሆች ቤተ ሰብ ተወለደ። ልዩ ስጦታው በልጅነቱ ስለ ታወቀ የሀገሩ መስፍን ለትምህርቱ ገንዘብ ቈረጠለት፤ በ1795ም ወደ ጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ገና 19 ዓመት ሳይሞላው፥ በ1796 በመጋቢት ወር፥ 17 እኩል ጎኖች ያሉት ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል አረጋገጠ። ይህ ነገር ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ ማንም ያላገኘው ነበር። በዚያው ወር ያገኘውን ሁሉ በአጭር በአጭሩ የሚመዘግብበት የግል ማስታወሻ ጀመረ። በ24 ዓመቱም ስለ ቍጥሮች ጠባይ የሚናገረውን ታላቅ መጽሐፉን በ1801 አወጣ።

ጋውስ በማኅተሙ ላይ ያስቀረጸው ጥቂት ፍሬዎች ያሉበት ዛፍ ነበር፤ ቃሉም በላቲን «ጥቂት፥ ነገር ግን የበሰለ» የሚል ነው። አንድ ሕንፃ ካለቀ በኋላ ግንበኞቹ ይቆሙበት የነበረው የእንጨት መወጣጫ ሊታይ አይገባም ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ወደ አሳቡ ያደረሰውን መንገድ ሁሉ አጥፍቶ፥ እንከን የሌለው መሆኑን ካላረጋገጠ በቀር ለሕትመት አያቀርብም ነበር። ይህ ልማድ ታላቅ ጥቅም እንደ ሰጠ መካድ አይቻልም። ያሳተማቸው ሥራዎች እስከ ዛሬ የሚከበሩት በጥራታቸው ነው።

የሆነ ሆኖ ይኸው ልማድ ዋጋ አስከፍሏል። ጋውስ በ1855 ሞተ፤ የግል ማስታወሻው ግን ሊቃውንት እጅ የገባው ከሞተ ከ40 ዓመታት በላይ ቈይቶ ነው። በውስጡ 146 አጫጭር መዝገቦች ተገኙ። ከነዚህም አንዳንዶቹ ሌሎች ሰዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ በብዙ ድካም እንደ አዲስ ያገኟቸው ነገሮች ነበሩ። ብዙ ያልተስማሙ መለኪያዎችን አስማምቶ ከእውነቱ ጋር እጅግ የሚቀርበውን መልስ የሚያወጣውን ዘዴ ጋውስ ከ1795 ጀምሮ እሠራበት ነበር አለ፤ ዳሩ ግን ፈረንሳዊው ለዣንድር በ1805 አስቀድሞ አሳተመው። ጋውስ በ1809 «የእኔ ነው» ባለ ጊዜ በሁለቱ መካከል ቅሬታ ተፈጠረ። ደግሞም በ1805 ገደማ ረጅም ሒሳብን በእጅጉ የሚያሳጥር አንድ ዘዴ ጽፎ አስቀመጠ። ጽሑፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1866 ነው፤ ልብ ያለውም ሰው አልነበረም። በ1965 ኩሊና ቱኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህንኑ ዘዴ እንደ አዲስ አግኝተው ለኮምፒዩተር አዋሉት። ዛሬ ድምፅንና ሥዕልን በሚያስተላልፉ መሣሪያዎች ውስጥ የሚሠራው ይኸው ዘዴ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተጎዳው የጋውስ ዝና ብቻ ይመስላል፤ ዝናውም አልጎደለበትም። ከሁሉ የከፋው ጉዳት የደረሰው በሌላ ሰው፥ በሦስተኛው ባለ ታሪካችን ላይ ነው።

ጋውስ በጌቲንገን ሲማር ፋርካሽ ቦያይ የሚባል የሃንጋሪ ተወላጅ ጓደኛ ነበረው። የፋርካሽ ልጅ ያኖሽ በ1802 ተወለደ። ያኖሽ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ብሩህ አእምሮ ነበረው፤ በቪየና በነበረው የጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት የ7 ዓመቱን ትምህርት በ4 ዓመት ጨረሰ። በዚያን ጊዜ ከ2000 ዓመታት በላይ ሊቃውንትን ያስቸገረ አንድ ጥያቄ ነበር። ይኸውም የግሪኩ ሊቅ ኤውክሊድስ ስለ ትይዩ መሥመሮች የተናገረው ሕግ ከሌሎቹ ሕጎች ሊረጋገጥ ይችላል ወይስ አይችልም የሚል ነው። አባቱ በዚሁ ጥያቄ ብዙ ዓመት ደክሞ ስላልተሳካለት ልጁን ከዚህ ነገር እንዲርቅ አጥብቆ መከረው። ያኖሽ ግን አልራቀም። በ1823፥ ገና 21 ዓመት ሳይሞላው፥ ያ ሕግ ባይኖርም የሚቆም ሌላ ጂኦሜትሪ እንዳለ ተረዳና ከምንም ተነሥቶ አዲስ ዓለም እንደ ፈጠረ ለአባቱ በደስታ ጻፈለት።

የአባቱ መልስ ለሁላችንም የሚጠቅም ምክር ነው። ነገሩ ከተሳካ ቶሎ አሳትመው፤ የአንዳንድ ነገር ዘመን ሲደርስ እንደ ጸደይ አበባ በብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ ይፈካልና አለው። እንዳለውም ሆነ። የሩሲያው ሊቅ ሎባቼቭስኪ ይህንኑ አሳብ ለብቻው ደርሶበት በ1829 ማሳተም ጀመረ። የያኖሽ ጽሑፍ በአባቱ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ተጨምሮ የወጣው ዘግይቶ ነው፤ መጽሐፉ የ1832 ዓመት ምልክት አለበት። ጽሑፉ 30 ገጽ እንኳ አይሞላም።

አባትየው ይህን ጽሑፍ ለቀድሞ ጓደኛው ለጋውስ ላከለት። ጋውስ ካነበበው በኋላ ያኖሽ ጎበዝ መሆኑን ለሌላ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ መስክሮ፥ በሊቅነት ከመጀመሪያው ማዕርግ የሚቈጠር ነው አለ። ለአባቱ የጻፈው ግን ሌላ ነው። ይህን ሥራ ባመሰግን ራሴን ማመስገኔ ነው፤ እኔ ከ30 ዓመት በላይ ሳስበው የኖርሁት ነገር ነውና አለው። ጋውስ ውሸት አልተናገረም፤ በእርግጥም አስቦበት ነበር። ያላሳተመው ግን አሳቡን በሚፈልገው መጠን ስላላበሰለና ያልገባቸው ሰዎች የሚያነሡትን ጫጫታ ስለ ፈራ ነው።

ይህ ደብዳቤ ያኖሽን ሰበረው። ያኖሽ በ1833 ሕመም ስለ ጸናበት ከጦር ሠራዊቱ በጡረታ ወጣ። ከዚያ በኋላ ባለው ዕድሜው አንድም የሒሳብ ሥራ አላሳተመም። በ1860 ሲሞት 20,000 ገጽ ያህል የእጅ ጽሑፍ ትቶ ተገኘ። አንባቢ ሆይ፥ 30 ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ በዓለም ታሪክ ውስጥ ያስገባው ሰው፥ 20,000 ገጽ በሣጥን ውስጥ ትቶ ሞተ። ለዚህ ሕመሙና ችግሩም ምክንያት እንደ ሆኑ አይካድም። ነገር ግን የአንድ ታላቅ ሰው ቃል የራሱን ዋጋ የሚለካበት ብቸኛ ሚዛን ስለ ሆነበት፥ ያ ሚዛን ባጋደለ ጊዜ ብዕሩን አስቀመጠ።

ሆኖም ጋውስን ብቻ ወቅሰን ብንጨርስ ፍርዳችን ሚዛናዊ አይሆንም። እርሱ ራሱ የተሻለውን መንገድ በአንድ ወቅት አሳይቶናልና። በጥር 1 ቀን 1801 ፒያትሲ የተባለው ጣልያናዊ ሴሬስ የተባለችውን ትንሽ የሰማይ አካል አገኘ፤ ዳሩ ግን ጥቂት ሳምንታት ከተመለከታት በኋላ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ስለ ቀረበች ጠፋችበት። ወዴት እንደምትወጣ የሚያውቅ አልነበረም። ጋውስ በነበሩት ጥቂት መለኪያዎች ሒሳቡን ሠርቶ የምትገኝበትን ቦታ ተናገረ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር መጨረሻም እርሱ ባመለከተው አካባቢ ተገኘች። የዘዴውን ሙሉ ማብራሪያ አሳምሮ በመጽሐፍ ያወጣው ግን በ1809 ነው። ማለትም መልሱን በሚያስፈልግበት ጊዜ ሰጠ፤ ማሳመሩን ለኋላ አቈየው። እስኪያምር ድረስ 8 ዓመት ቢቈይ ኖሮ ሴሬስን ለመፈለግ ለወጡት ሰዎች ምን ይጠቅማቸው ነበር?

ከነዚህ ታሪኮች የምንማረው ግልጽ ነው። ከፍ ያለ መለኪያ መያዝ በራሱ ጉዳት አይደለም፤ ኬፕለርም፥ የሴሬሱ ጋውስም ከፍ ያለ መለኪያ ነበራቸው። ልዩነቱ መለኪያው የሚለካው ምኑን ነው የሚል ነው። ሥራውን ሲለካ ስሕተትን ያሳየናል፥ እኛም እናርማለን። ሰውየውን ራሱን ሲለካ ግን እያንዳንዱ ስሕተት ውርደት ይሆናል፤ ውርደትን የሚሸሽ ሰውም ደብተሩን ይደብቃል።

በቅርብ ዘመን የነበሩ የሥነ ልቡና ሊቃውንትም ወደዚሁ አሳብ ደርሰዋል። አሜሪካዊው ዶን ሃማቼክ በ1978 ባወጣው ጽሑፍ ፍጽምናን መሻት ሁለት ዓይነት እንደ ሆነ አመለከተ። ጤናማው ሰው በከባድ ሥራ ይደሰታል፥ እንደ ሁኔታውም መለኪያውን ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ ታማሚው ግን ምንም ቢሠራ አይበቃውም፥ የሚሠራውም ለመልካም ነገር ካለው ፍቅር ይልቅ ውድቀትን በመፍራት ነው። ሂዊትና ፍሌት የተባሉ ሊቃውንት ደግሞ በ1991 መለኪያው ከየት እንደሚመጣና ወደ ማን እንደሚያነጣጥር መረመሩ። አንዳንዱ ሰው ፍጽምናን ከራሱ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ከሌሎች ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሌሎች ከእኔ ፍጽምናን ይጠብቃሉ እያለ በፍርሃት ይኖራል። በዚህ በሦስተኛው ውስጥ የብዙ ጎበዝ ተማሪዎችን መልክ የምናይ ይመስለኛል።

ለወላጆችና ለአስተማሪዎች ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 ያወጡት ምርምር ነው። እነዚህ ሴቶች የ5ኛ ክፍል ልጆችን ጥያቄ አሠርተው ካመሰገኗቸው በኋላ የሚሆነውን ተመለከቱ። «ብልህ ነህ» ተብለው የተመሰገኑት ልጆች አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ ብልህነታቸውን የሚያሳዩበትን ሥራ መረጡ፤ ከባድ ጥያቄ ተሰጥቷቸው በወደቁ ጊዜም የኋላ ውጤታቸው ቀነሰ። «በርትተህ ሠርተሃል» የተባሉት ግን አዲስ ነገር የሚማሩበትን መረጡ፥ ከውድቀትም በኋላ በረቱ። እንግዲህ አንድ የምስጋና ቃል እንኳ መለኪያውን ወደ ሰውየው ወይም ወደ ሥራው ሊያዞረው ይችላል ማለት ነው።

በሀገራችንም ቢሆን የቈየው የቅኔ ቤት ሥርዓት ለዚህ ችግር መድኃኒት የሚሆን ልማድ አለው። የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ስምንት ቤት ያለውን መወድስ አይጠየቅም፤ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ቅኔውን ከቈጠረ በኋላም በልቡ ይዞ አይቀርም፤ ለመምህሩ ይነግራል፥ መምህሩም የጎደለውን ያርምለታል። ነገም ሌላ ቅኔ ይቈጥራል። በቅኔ ቤት የሚፈለገው ፍጽምና ከፍተኛ ነው፤ ምሥጢሩም፥ ቤት መምታቱም፥ ዜማ ልኩም ይመረመራል። ነገር ግን ወደዚያ ፍጽምና የሚደረሰው ያልበሰለውን ደጋግሞ በማቅረብ እንጂ በመደበቅ አይደለም። «ሰው ሆኖ የማይሳሳት፥ እንጨት ሆኖ የማይጤስ የለም» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌም ይህንኑ ያስረዳል። ጢሱን ፈርቶ እንጨቱን ከምድጃ የሚያርቅ ሰው እሳት አያገኝም።

ስለዚህ ክቡራን ወላጆች፥ ልጃችሁ 98 ይዞ ሲመጣ «ሁለቱ የት ሄደ?» ከማለታችሁ በፊት እንዴት እንደ ሠራው ጠይቁት። ክቡራን መምህራን፥ ጎበዝ የተባለው ተማሪ ደብተሩን ባላስረከበ ጊዜ ስንፍና ነው ብላችሁ ከመፍረዳችሁ አስቀድሞ ያላለቀውን እንዲያሳያችሁ ፍቀዱለት። እናንተም ተማሪ ጓደኞቼ፥ የጋውስን ማኅተም አትናቁት፤ ጥቂትና የበሰለ ፍሬ መልካም ነው። ነገር ግን ፍሬ የሚበስለው በዛፉ ላይ ሆኖ ፀሐይና ዝናም ሲያገኘው እንጂ በሣጥን ውስጥ ተዘግቶበት አይደለም።

እኔም ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ከለወጥሁት በኋላ አራተኛውን ሳልቀድ ለአዘጋጆቹ አስረክቤአለሁ። ከማስረከቤ በፊት ግን በመጀመሪያ ለጠቀስሁት ጓደኛዬ ሰጥቼው ነበር። አንብቦ በኬፕለር ታሪክ ላይ አንድ የሒሳብ ስሕተት አገኘብኝና አረመልኝ። ከዚያም ከቦርሳው አንድ ደብተር አውጥቶ «ገና አላለቀም፥ ግን እስኪ እየው» አለኝ። ይህን ቃል ከእሱ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።